ጠላትን ለብሶ አደባባይ መውጣት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ስለ 15ኛው ክፍለ ዘመን የስፔን ጠረፍ ከተሞች በዓላት አንዲት አጭር ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። በክርስቲያኑ የካስቲል መንግሥትና በሙስሊሙ የግራናዳ ሱልጣኔት ድንበር ላይ የሚኖሩ ክርስቲያን ባላባቶች የሙስሊም ልብስ ለብሰው አደባባይ ላይ ይጫወቱ እንደነበር ነው ያነሳሁት። ደብዳቤው ጎረፈ። ሁሉንም መመለስ አይቻልም፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ጨፍልቄ፣ ስድቡን ትቼ፣ የቀረው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ሰላም ላንተ ይሁን። ያን ሁሉ ዘመን ሲዋጉ ኖረው የጠላታቸውን ልብስ የሚለብሱት ወደውት ነው ወይስ ሊያሾፉበት? አንዱን ምረጥና ገላግለኝ።»

መልስ፦ አልገላግልህም ወንድሜ፤ ሁለቱም ነው። ሐኤን የምትባለውን ከተማ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ሐኤን በ1246 ነው በካስቲሉ ንጉሥ በፈርናንዶ 3ኛ እጅ የገባችው። ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጠረፍ ላይ ቀረች። ካምቢል የሚባለው የግራናዳ ምሽግ ጠዋት ፈረስ ላይ የወጣ ሰው ለምሳ የሚደርስበት ቦታ ነው። በ1460 አካባቢ እዚህች ከተማ ሚጌል ሉካስ ዴ ኢራንሶ የሚባል ሰው መጥቶ ሰፈረ። ከዝቅተኛ ቤተሰብ የወጣ ሰው ነው። የንጉሥ ኤንሪኬ 4ኛ ወዳጅ ሆኖ በ1458 ኮንስታብል ተባለ፤ ይህ የመንግሥቱ ትልቁ የጦር ሹመት ነው። ቤተ መንግሥት ያሉት ታላላቅ መኳንንት ግን ዓይኑን ማየት አልፈለጉም፤ እሱም ትቶላቸው ወደ ጠረፍ ወረደ። ከዚያማ ሐኤንን በበዓል አጥለቀለቃት። ለፋሲካ ማግሥት በእንጨት ግንብ ዙሪያ የእንቁላል ጦርነት ያስደርጋል፤ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይወረወራል። ከሁዳዴ በፊት ባለው ፈንጠዝያ ደግሞ የአትክልት ገበሬዎች በደረቅ ቅል ይደባደባሉ። ይህን ሁሉ የምናውቀው ሕይወቱን የጻፈለት ዜና መዋዕል ስላለ ነው። ጸሐፊው ከጦርነቱ ይልቅ ስለ ግብዣውና ስለ ልብሱ ማውራት ይወዳል፣ አንዳንዴ እስኪሰለች ድረስ።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ የሚወደደው የሸንበቆ ጨዋታ ነበር። ጉግስ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ ሁለት የፈረሰኛ ቡድን፣ ጋሻ፣ እንደ ጦር የሚወረወር ሸንበቆ፣ ማባረርና መሸሽ። ጨዋታውም አጋለቡም የተወሰደው ከሙስሊሞቹ ነው። እርካቡን አሳጥሮ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ቀላል ፈረስ ላይ መቀመጥ። ብረት ለብሶ በከባድ ፈረስ የሚሄድ ባላባት ተራራና ገደል በበዛበት ጠረፍ ላይ ሲሳደድ ቀላል ሲሳይ ነውና፣ ጠረፍተኞቹ ገብቷቸው ከጠላት ተማሩ። ልብሱም አብሮ መጣ። የግራናዳ ሐር ውድ ነው፣ ያምራል፣ የለበሰው ሰው ጌታ ይመስላል። ንጉሥ ኤንሪኬ ራሱ እንዲህ ያለውን ነገር ስለሚወድ በ1466 ከቦሄሚያ ከአንድ መስፍን ጋር የመጡ እንግዶች አይተው ደንግጠዋል፤ ሲበላም ሲለብስም እንደ አረማዊ ነው ብለው ጽፈውበታል።

እስከዚህ ድረስ መውደድ ነው። አሁን ወደ ሌላው እንምጣ።

በ1462 የገና ሰሞን ሁለት መቶ የሚሆኑ ፈረሰኞች ተሰበሰቡ። ግማሾቹ ሰው ሠራሽ ጢም አድርገው እንደ ሙስሊም ለበሱ። «የሞሮኮ ንጉሥ» መልእክተኞች ነን ብለው ለሚጌል ሉካስ ደብዳቤ አቀረቡ። የደብዳቤው ሐሳብ ባጭሩ ይኸው፦ በጦር ሜዳ ስታሸንፉን አምላካችሁ እየረዳችሁ እንደሆነ አየን፤ በሸንበቆ ጨዋታም ካሸነፋችሁን ሃይማኖታችሁን እንቀበላለን። ተጫወቱ። ማን እንዳሸነፈ መገመት አያቅትህም። ከዚያ የነቢዩ ሙሐመድ ምስል ነው ተብሎ የተሠራው ነገር ወደ መግደላዊት አደባባይ ምንጭ ተጣለ፣ ቁርኣኑም ተዋረደ፣ «ንጉሡ» በዚያው ውሃ ተጠመቀ፣ ሁሉም ወደ ግብዣው ሄደ። ይህን ስጽፍ ሙስሊም አንባቢዎቼ ምን እንደሚሰማቸው ሳላስብ ቀርቼ አይደለም። ግን ብዙ የጉብኝት መጽሔት ይህቺን ክፍል ቆርጦ ያስቀርና ነገሩን የሐርና የፈረስ ጨዋታ ብቻ ያደርገዋል፤ ያ ደግሞ ውሸት ነው።

እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በአንድ አደባባይ፣ ልብሱን ወደውታል፣ ሃይማኖቱን አዋርደውታል፣ ሰውየውን ደግሞ «ተጠምቆ ከእኛ ጋር ይብላ» ብለውታል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዛት፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጥያቄ፦ «ጠረፉ ላይ በየቀኑ ጦርነት ነበር ወይስ ሰላም? ካንተ ጽሑፍ ሊገባኝ አልቻለም።»

መልስ፦ አይፈረድብዎትም፣ ለእነሱም ግልጽ አልነበረም። ሁለቱ መንግሥታት ለተወሰነ ዓመት የሚቆይ ስምምነት ይፈራረማሉ፣ ሲያልቅ ያድሳሉ ወይም ይዋጋሉ። ስምምነት ባለበት ጊዜም ቢሆን ዘረፋ አይቀርም። እንዲያውም ሦስት ቀን ያላለፈ፣ መለከት ያልተነፋበት፣ ሰንደቅ ያልተያዘበትና ድንኳን ያልተተከለበት ወረራ ስምምነቱን እንዳፈረሰ አይቆጠርም ነበር። ጉድ አይደል? ከብት ተነድቶ ይወሰዳል፣ ሰው ታፍኖ ይሸጣል፣ መንግሥታቱ ግን ሰላም ላይ ናቸው።

ስለዚህ የጠረፉ ሰው የራሱን መላ ፈጠረ። ከሁለቱም ወገን እየተመላለሱ በቤዛ ምርኮኛ የሚያስለቅቁ፣ ቋንቋ የሚያውቁ፣ ማንም የማይነካቸው ሰዎች ነበሩ፤ አልፋኬኬ ይባላሉ። የተሰረቀ ከብት ወይም የተጠለፈ ሰው ዱካ ተከትለው ከአንዱ ከተማ ወሰን እስከ ቀጣዩ የሚያደርሱ ዱካ ፈላጊዎችም ነበሩ። ዱካው ወሰናችሁ ውስጥ ገብቶ ጠፋ ማለት ካሳው በእናንተ ላይ ነው ማለት ነው። በክርስቲያንና በሙስሊም መካከል የሚነሳ ክርክር የሚያይ ዳኛም ይሾም ነበር። ከካምቢል ማዶ ያለውን አዛዥ በስም ያውቁታል፣ ሲመጣ ይጋብዙታል፣ በሌላ ቀን ደግሞ ሊገድሉት ይወጣሉ። ሚጌል ሉካስም እንደዚያው ነው፦ የሙስሊም ልብስ ይወዳል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ በ1471 ግን ግራናዳዎች በሐኤን አቅራቢያ ያሉ መንደሮችን ወርረው ብዙ ሰው ሲገድሉ ለሮማው ጳጳስ ለሲክስቶስ 4ኛ ደብዳቤ ጽፎ ርዳታ ለምኗል።

ጥያቄ፦ «በነዚህ ከተሞች የሚኖሩት ሙስሊሞችና አይሁድስ? ሰልፍ ሲወጣ ያያሉ ወይስ ቤታቸው ይዘጋባቸዋል?»

መልስ፦ እንደ በዓሉ ነው እህቴ። ለምሳሌ ስቅለት ዕለት የካስቲል ሕግ አይሁድ ከቤታቸው እንዳይወጡ፣ እስከ ቅዳሜ ጠዋት እንዲዘጉ ያዛል። ይህ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አልፎንሶ 10ኛ ባስጻፈው በታላቁ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ቅዱስ ቁርባን በመንገድ ሲያልፍ ደግሞ ያገኘው አይሁዳዊ ወይም ሙስሊም ወይ እንዲንበረከክ፣ ወይ ከመንገዱ ገለል እንዲል ታዟል። ቆም ብሎ ማየት የሚባል ነገር የለም። ይህ በተለይ የሚከብደው በኮርፑስ ክሪስቲ፣ በቅዱስ ቁርባን በዓል ዕለት ነው። በዓሉ በ1264 ነው በሮማው ጳጳስ በኡርባን 4ኛ የታወጀው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ሙርሲያ ባሉ ከተሞች የዓመቱ ትልቁ ሰልፍ ሆኖ ነበር። ቁርባኑ ከተማውን ይዞራል፣ ቤቱ ሁሉ ያጌጣል፣ የእጅ ባለሙያው በየማኅበሩ ይሰለፋል። ከተማው በሙሉ ራሱን እንደ አንድ አካል የሚያሳይበት ቀን ነው። አካሉ ውስጥ ያልሆነ ሰው የት ይቁም?

በሌላ በኩል ግን ንጉሥ ሲገባ፣ ልዑል ሲወለድ፣ ድል ሲበሠር፣ አይሁዱም ሙስሊሙም በግድም በውድም ይወጣሉ። አይሁድ የኦሪት ጥቅላቸውን ይዘው ንጉሡን ይቀበላሉ፣ ሙስሊሞች በራሳቸው ከበሮና ጭፈራ። ሙስሊም ሙዚቀኞች በጣም ተፈላጊ ነበሩ። በ1322 ቫያዶሊድ ላይ የተሰበሰበ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሙስሊምና አይሁድ ዘፋኞችን ለሌሊት ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማስጫወት ይቅር ብሎ ከልክሏል። ካልተደረገ ማን ይከለክላል?

አንዳንድ ሰው ይህን አንብቦ «እንዴት ያለ መቻቻል ነበር» ይላል። እኔ ቀስ እላለሁ። እንዲወጡ የሚታዘዙት የንጉሡ ሰዎች መሆናቸውን እንዲያሳዩ ነው፤ «እነዚህም የኔ ናቸው» ለማለት። መቅረት የሚችል ሰው በዓል ላይ ቢገኝ አንድ ነገር ነው፤ መቅረት የማይችል ሰው ሲጨፍር ግን ጭፈራው ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ቢሆንም ሰው መሆናቸው አይረሳ፦ አንዳንዱ ከበሮ መቺ ክፍያውን ተቀብሎ፣ የሞያውን ክብር አግኝቶ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄዶ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «በኮርዶባ በአንድ ጣሳ ውሃ ምክንያት እልቂት ተነሳ የሚባለው እውነት ነው? የተጋነነ መሰለኝ።»

መልስ፦ ውሃው እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ውሃው አይደለም።

ማርች 1473፣ የዐቢይ ጾም ሁለተኛ እሑድ ነው። በኮርዶባ የበጎ አድራጎት ማኅበር የሚባል አንድ ማኅበር የእመቤታችንን ምስል ይዞ በሰልፍ ያልፋል። ቀጥቃጮች በሚሠሩበት ሰፈር ሲደርስ ከአንድ ቤት መስኮት አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ከ8 እስከ 10 ዓመት ትሆናለች፣ ውሃ ደፋች። ውሃው ምስሉ ላይ አረፈ። ቤቱ የኮንቬርሶ ቤት ነበር። ኮንቬርሶ የሚባሉት ከአይሁድ ወደ ክርስትና የገቡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። አሎንሶ ሮድሪጌዝ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ «ሽንት ነው! ሆን ብለው ነው!» ብሎ ጮኸ፤ እንበቀል አለ። ሕዝቡ ችቦ ይዞ ቤቶቹ ላይ ዘመተ። ሊያረጋጋ የሞከረ አንድ ባላባት ቆሰለ። የከተማዋ ኃያል ሰው ዶን አሎንሶ ዴ አጊላር መጥቶ ቀጥቃጩን በጦር ወጋው፤ ነገሩ ይበርዳል ሲባል ጭራሽ ባሰበት። ለቀናት ዘረፋ፣ ቃጠሎና ግድያ ሆነ። በመጨረሻ አጊላር ራሱ ከአሸናፊው ጋር ማበር ይሻላል ብሎ ኮንቬርሶዎች ከእንግዲህ በከተማዋ ሹመት እንዳይዙ አደረገ። የተረፉት ተሰደዱ። አንዳንዶቹ ጂብራልታር ድረስ ሄደው ሰፈሩ፣ ከዚያም ሁለት ዓመት ገደማ ቆይተው ተባረሩ።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። በ1391 ከሴቪያ የጀመረ ዘመቻ ኮርዶባንና ሐኤንን ጨምሮ በብዙ ከተማ የአይሁድ ሰፈሮችን አወደመ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አይሁድ ከሞት ጥምቀትን መረጡ። እንግዲህ የ1473ቱ ኮንቬርሶ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ተጠምቆለታል። በስም ክርስቲያን፣ በሕግ ክርስቲያን። አይሁዳዊ ሆኖ የማይገባበት ሹመት፣ ንግድ፣ ጋብቻ ተከፈተለት። ችግሩም እዚያው ላይ መጣ፤ ጎረቤቱ «ትናንት ዝቅ ብሎ የነበረ ዛሬ በላዬ ተሾመ» አለ። በ1449 ቶሌዶ ላይ አመፀኞች ኮንቬርሶዎች ምንም ሹመት አይያዙ የሚል ደንብ አወጡ። ደሙ አይጸዳም የሚለው ክርክር እዚህ ጋ በይፋ መጣ። የሮማው ጳጳስ ቢያወግዘውም ሐሳቡ አልሞተም። ያ የኮርዶባ ማኅበር ራሱ ኮንቬርሶ አያስገባም ነበር። በዚያ ላይ ኑሮ ተወዶ፣ የከተማዋ ባላባቶች ለሁለት ተከፍለው፣ አጊላር ደግሞ የኮንቬርሶዎቹ ጠባቂ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሰልፉ በነሱ ደጅ ሲያልፍ ከተማዋ «እኛ ማን ነን» የሚለውን መልስ በምስል እያሳየች ነበር፤ እነሱ ከመልሱ ውጪ ናቸው። ውሃ ባይደፋ ሌላ ነገር ይደፋ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እሳቱ በዙሪያው ወዳሉ ትንንሽ ከተሞች ተዛመተ። ሐኤንም ደረሰ። በዚያው ወር ሚጌል ሉካስ ዴ ኢራንሶ ካቴድራሉ ውስጥ ተንበርክኮ ሲጸልይ ተገደለ፤ ኮንቬርሶዎችን ይከላከላል ይሉት ነበር። ከዚያ የሐኤን ሰው ወደ ኮንቬርሶዎቹ ቤት ዞረ።

ያዛት ያልኩት ነገር ትዝ ይበላችሁ። በ1462ቱ ትርኢት «የሞሮኮ ንጉሥ» በምንጩ ውሃ ተጠምቆ ወዲያው ወንድም ሆነ፣ ማዕድ ቀረበለት። ትርኢቱ ለሕዝቡ የሚለው ግልጽ ነው፦ የተጠመቀ ሁሉ የኛ ነው፣ ጉዳዩ አለቀ። ያንን ትርኢት ያዩ ሰዎች ናቸው ከ11 ዓመት በኋላ የተጠመቁ ጎረቤቶቻቸውን የገደሉት። ጌታቸው ሚጌል ሉካስ የደረሰውን ድርሰት አደባባይ ላይ አጨበጨቡለት እንጂ አላመኑትም። ለዚህ ነው አንድ ከተማ ለበዓል ባወጣው ልብስ ብቻ ስለ ሕዝቡ ልብ መፍረድ የማያስኬደው። ማዶ ያለው ሙስሊም የሚደነቅ ጠላት ነበር፤ ሩቅ ነው፣ ቦታው ይታወቃል። የሚጠላው ቅርቡ፣ አጥር የሚጋራው፣ ከኛ ለይተን የማናውቀው ሰው ሆነ። በ1480 ኢንኩዊዚሽን የሚባለው መናፍቃንን የሚመረምር ፍርድ ቤት ሴቪያ ላይ ሥራ ሲጀምር ያነጣጠረው በነዚሁ ሰዎች ላይ ነው። በ1481 የመጀመሪያው የፍርድና የቃጠሎ ሥነ ሥርዓት ተደረገ፤ ያም በራሱ ሰልፍ ነበረው፣ ተመልካች ነበረው።

ጥያቄ፦ «ሁሌ ስለ ክርስቲያኖቹ ብቻ ነው የምትጽፈው። ግራናዳ ውስጥስ?»

መልስ፦ ትክክል ነህ። ባለፈው ጽሑፍ አንድ መስመር ብቻ ነበር የሰጠኋት።

ግራናዳም በፈረስ ጨዋታ የታወቀች ናት፤ ሰኔ ላይ የዮሐንስን በዓል ሙስሊሞቹም ያከብሩት ነበር፣ በፈረስ ጭምር። የጎረቤት በዓል መውሰድ እዚያም አዲስ ነገር አይደለም። ቀደም ብሎ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አል-አዘፊ የሚባል፣ በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ያለችው የሴውታ ከተማ ሊቅ፣ የአንዳሉስ (በሙስሊሞች የሚገዛው የስፔን ክፍል) ሙስሊሞች ገናንና አዲስ ዓመትን ከክርስቲያኖች ጋር ማክበራቸው አናዶት መጽሐፍ ጽፏል፤ በምትኩ የነቢዩን ልደት መውሊድን እናክብር አለ። ስለዚህ «ልጆቻችን የነሱን በዓል ለመዱብን» የሚለው ጭንቀት በሁለቱም ወገን ነበር። በ1478 ደግሞ ሱልጣን አቡል-ሐሰን ሠራዊቱን ለማሳየት ቀናት የወሰደ ታላቅ ሰልፍ አደረገ፤ መጨረሻው ላይ ኃይለኛ ጎርፍ መጥቶ ከተማዋን ደበደባት። የዘመኑ አረብኛ ጸሐፊ የመንግሥቱ ውድቀት ከዚያ ቀን ጀመረ ይላል። በ1492 ጃንዋሪ 2 ከተማዋ ቁልፏን አስረከበች፤ በዚያው ዓመት ማርች 31 አይሁድ ከስፔን እንዲወጡ ታዘዘ። የካስቲል ሙስሊሞች ተጠመቁ ወይ ውጡ የተባሉት ደግሞ በ1502 ነው። የሸንበቆ ጨዋታው ግን አልቀረም፤ የሚኮረጀው ሰው ከጠፋ በኋላም መቶ ዓመት ያህል በሙስሊም ልብስ ተጫወቱት።

ጥያቄ፦ «ተሸናፊ ተደርጎ የሚቀርበው ወገን ድርሰቱን ራሱ ጽፎ ያውቃል?»

መልስ፦ ይህቺን ጥያቄ ወድጃታለሁ። አዎ፣ ግን ስፔን ውስጥ አይደለም። ስፔናውያን «ሙሮችና ክርስቲያኖች» የሚባለውን ትርኢት (ሙር የሚሉት ሙስሊሙን ነው) ይዘው አትላንቲክን ተሻገሩ። በ1539 በኮርፑስ ክሪስቲ ዕለት፣ ሜክሲኮ ውስጥ፣ የትላሽካላ ነባር ሕዝቦች «የኢየሩሳሌም መያዝ» የሚል ግዙፍ ትርኢት አቀረቡ። ተዋናዮቹ በሙሉ እነሱ ናቸው። ክርስቲያኖቹ ይዋጋሉ፣ ሱልጣኑ ይሸነፋል፣ እጁን ሰጥቶ ይጠመቃል፤ የታወቀው ታሪክ ነው። ልዩነቱ የሱልጣኑ ማንነት ላይ ነው፦ ተሸንፎ የሚንበረከከው የኢየሩሳሌም ሱልጣን ሆኖ የቀረበው ኤርናን ኮርቴስ ነው፣ ሜክሲኮን የያዘው ራሱ ኮርቴስ፤ እሱን ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ የአገሩ ሰው ነው። ፍራንሲስካኑ መነኩሴ ሞቶሊኒያ ይህን ሁሉ በደስታ ዘግቦታል። ቀልዱ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ከጽሑፉ አይታወቅም። በመጨረሻም የሱልጣኑን ወገን ቱርኮች ሆነው ከተጫወቱት መካከል ለጥምቀት አስቀድመው የተዘጋጁ ጎልማሶች ነበሩና ካህኑ እዚያው መድረክ ላይ የምር አጠመቃቸው።

ስለ ዛሬው ለጠየቃችሁም፦ አልኮይን የመሳሰሉ የስፔን ከተሞች እስካሁን ያከብሩታል፣ አልኮይ በአፕሪል፣ በጊዮርጊስ በዓል። የሙስሊሙን ወገን መሆን የሚመርጠው ሰው ብዙ ነው፤ ልብሱ ስለሚያምር ነው ይላሉ። በአንዳንድ መንደሮች የነቢዩን ስም የያዘ አሻንጉሊት ማፈንዳት ልማድ ነበር፤ በ2006 ግድም እነ ቦካይሬንት ያንን ክፍል ትተውታል። ግራናዳ ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ ጃንዋሪ 2 የከተማዋ መያዝ ይከበራል፣ ደጋፊም ተቃዋሚም አደባባይ ይወጣል፣ ፖሊስም መሃል ይቆማል።